የገጠር መንደራችሁን ታሪክ መጻፍ ለምትፈልጉ (በተለይ የጎጃም ልጆች)

ብዙ ሰው የመንደሬን ታሪክ ልጻፍ ብሎ ሲነሳ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይጀምርና መንደሯ ራሷ መሀል ላይ ትጠፋለች፣ እኔ ግን ከመሬቱ ጀምሩ ባይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቁሙና በስልካችሁ ጂፒኤስ ከፍታውን መዝግቡ፣ በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ወይና ደጋ ነው፣ ከዛ በላይ ደጋ፣ 3,200 ካለፈ ውርጭ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ጤፉ ቀርቶ ገብስና ድንች የሚጀምርበትን ቦታ ገበሬው በጣቱ ያሳያችኋል።

ከዛ ወንዙ። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት እነ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ ዞረው ዞረው አባይ ነው የሚገቡት፣ የናንተ ጅረት የማን ገባር እንደሆነ ጎግል ኧርዝ ላይ ቁልቁል ተከተሉት። የምንጩን የገደሉን የግጦሹን ስም ግን ጎግል የት ያውቀዋል፣ እሱን ከእረኞች ውሰዱ።

ጣጣው ያለው ዘመኑ ላይ ነው። ሽማግሌን "በስንት ዓመተ ምህረት ነበር?" ካላችሁ እናንተን ደስ የሚላችሁን ቁጥር ይነግሯችኋል። ሁሉም በሚያውቀው ክስተት ጠይቁ እንጂ፦ "አያ፣ ያ የግብር አመጽ ሲነሳ አግብተው ነበር?"
"ኧረ የምን ማግባት፣ ገና ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ!"
አመጹ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተነሳው ነው፣ ጥጃ ጠባቂ ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ነው ካልን ሰውዬው የተወለዱት 1953 ግድም መሆኑ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ የ77ቱ ድርቅ፣ የ1989ኙ የመሬት ድልድልም እንደዚሁ ያገለግላሉ። ጣሊያንን በዓይኑ ያየ አሁን ብዙም አይገኝም፣ ከአባታቸው የሰሙትን "የሰሙት" ብላችሁ ለዩት።

ትውልድም አስቆጥሩ። ድሮ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን ቆጥሮ ስለነበር አንዳንዱ አዛውንት ሰባት ስምንት ትውልድ ሳይተነፍስ ይወርድላችኋል። ርስት የተካሰሱ ሁለት ወገኖች ካሉ የሁለቱንም ስሙ፣ አንዱ የሌላኛውን አያት ዘሎት ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱ ራሱ ታሪክ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ዳር ላይ አንዳንዴ የመሬት ስጦታና የሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፣ ግን ገበዙን (የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ጠባቂ) ሳታስፈቅዱ ስልክ እንዳታወጡ።

ሲያልቅ ለነገሯችሁ ሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ጭቅጭቅ ከተነሳ ሪከርደሩን መልሳችሁ አብሩት።