አይብና ቺዝ እየበሉ ክብደት መቀነስ፦ ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች

ዳይት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ከቤቱ የሚያባርረው ቺዝን ነው። ወይ ደግሞ «አይብ እኮ ቀላል ነው» ይልና ሳህኑን ሞልቶ ይቀመጣል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ ሁለቱም አልሠሩልኝም። አሁን አይብም ቺዝም እበላለሁ፣ ኪሎዬም ቀስ እያለ እየወረደ ነው። የምከተለው ነገር አንድ ነው፦ አይብ ወይም ቺዝ ወደ ሳህኔ ሲገባ ሌላ ነገር ቦታ ይለቅለታል። በላይ በላዩ አይጨመርም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

አይብና ቺዝን አንድ አድርጎ መቁጠር

ስማቸው ሲተረጎም አንድ ይሁን እንጂ ሳህን ላይ በጣም ይለያያሉ። የኛ አይብ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጣድና ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል፣ ከዚያ ይጠለላል። ስለዚህ አብዛኛው ስብ አስቀድሞ በቅቤ መልክ ወጥቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው በባህላዊው መንገድ የተሠራ አይብ 100 ግራሙ ውስጥ 79 ግራም ያህሉ ውሃ፣ 15 ግራም ገደማው ፕሮቲን ሆኖ ስቡ 2 ግራም እንኳ የማይሞላው። በካሎሪ ብታሰሉት 90 ገደማ ነው። ቼዳር ቺዝ ግን ከነስቡ ወተት ስለሚሠራና ውሃው ስለሚወጣለት 100 ግራሙ ወደ 400 ካሎሪ ይጠጋል፣ 33 ግራም ያህሉ ስብ ነው። አራት እጥፍ በላይ ልዩነት! አንዱን በበላችሁበት ልክ ሌላውን ከበላችሁ ሒሳቡ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አሁን አሁን ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው አይብ የሚሠራው የላስቲክ ወተት አፍልቶ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ እያደረገበት ነው። ቆንጆ ይወጣል፣ መልኩም ያው ነው። ነገር ግን ቅቤው አልወጣለትም። የወተቱ ስብ አብሮ ረግቶ እዚያው አይቡ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ አይብ ስትገዙ «ከአሬራ ነው ወይስ ከወተት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጮቹ ያውቁታል፣ ይነግሯችኋል። ከአሬራ የሆነውም ቢሆን ቅቤው በደንብ ተንጦ ካልወጣ ስቡ ከፍ ይላል፣ ጣት ላይ ይለሰልሳል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በአይብ ፋንታ ሪኮታ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ። ከሙሉ ወተት የተሠራ ሪኮታ ከአሬራ አይብ እጥፍ የሚጠጋ ካሎሪ አለው። ስቡ የተቀነሰ ኮቴጅ ቺዝ ይሻላል፣ ውሃውን በጨርቅ ጠለል ካደረጋችሁት ጣዕሙም ወደኛው ይቀርባል። ጨው ግን ስላለበት ሌላ ጨው አትጨምሩበት።

ቅቤውን አለመቁጠር

ይሄ ለኔ ትልቁ ነው። አንድ እሁድ አክስቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ማድ ቤት ቆሜ ነበር። አይቡን በሳህን ፈርፈር አደረገችውና ንጥር ቅቤውን በትንሿ ድስት አቅልጣ አፈሰሰችበት። ማንኪያ አልያዘችም፣ ድስቷን ዘንበል ነው ያደረገችው። ቅቤው በአይቡ ፍርፋሪ መሃል ሰርጎ ገባ። ሁለት ጊዜ ስታማስለው ምንም ቅቤ የነካው አይመስልም፣ አሁንም ነጭ ነው። ያን ጊዜ ነው ለስንት ወር «አይብ ብቻ ነው የበላሁት» እያልኩ ምን ስበላ እንደነበር የገባኝ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንድ ማንኪያው ብቻውን ከ100 ግራም የአሬራ አይብ ይበልጣል። ምግብ ቤት የሚቀርብ አይብ በጎመን፣ ከክትፎ ጎን የሚመጣ አይብ፣ ብዙውን ጊዜ ቅቤ ገብቶበታል፣ ስንት እንደገባበት ደግሞ አታዩም። ስታዝዙ «አይቡ ቅቤ ሳይነካው» በሉ። ክትፎው ራሱ ቅቤ አለው፣ ይበቃችኋል።

አክስቴን «ለኔ ቅቤ ሳይነካው ትንሽ ለይልኝ» ስላት «ደረቁን እንዴት ትበይዋለሽ ልጄ?» አለችኝ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሚጥሚጣ ነስነስ አደረግኩበትና አቀመስኳት። አሁን ስሄድ የኔን ለብቻው ታስቀምጥልኛለች። አይብ የሚፈልገው ቅመም ነው፣ ጥሩ ኮረሪማ ካለ ቅቤው ያን ያህል አይናፍቅም።

በዓይን መገመት

«ትንሽ ቺዝ» የሚባል ልክ የለም። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙና ለሁለት ሳምንት ብቻ መዝኑ፣ ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ራሱ ይለምደዋል። እኔ መጀመሪያ ቀን እንደልማዴ ቆርጬ «ይሄ 30 ግራም ይሆናል» ያልኩት ቼዳር ሚዛን ላይ 71 ግራም ሆነ። ይህ ሦስት መቶ ካሎሪ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እውነተኛው 30 ግራም የትንሽ ክብሪት ቀፎ ያህላል፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ማነሱ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ግን በስሱ ከቆረጣችሁት ወይም ከፈቀፈቃችሁት ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ምላስ የሚቀምሰው የላዩን ነውና ወፍራም ቁራጭ ከስሱ ይህን ያህል አይጣፍጥም።

የተፈቀፈቀ ቺዝም ቢሆን በእፍኝ አይለካም። እፍኝ እንደ ሰው እጅ ነው፣ እንደ ረሃብም ነው።

በላይ በላዩ መጨመር

መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው። እንቁላል በዘይት ተጠብሷል፣ ዳቦው ሁለት ነው፣ ማኪያቶው በስኳር ነው፣ እላዩ ላይ ደግሞ ቺዝ ይመጣል። ከዚያ ቺዙ ነው ያወፈረኝ ይባላል። ቺዙ ብቻውን ምን አደረገ?

እኔ ጠዋት የማደርገውን ልንገራችሁ። ሁለት እንቁላል እጠብሳለሁ። ድሮ ዘይቱን አንድ የሾርባ ማንኪያ አደርግ ነበር፣ እሱም 120 ካሎሪ ነው። ቺዝ በምበላበት ቀን ዘይቱን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ አወርደዋለሁ፣ 40 ካሎሪ ይሆናል። ሁለት ቁራጭ የነበረው ዳቦ አንድ ይሆናል። በተረፈው ቦታ 30 ግራም ቺዝ ይገባል፣ እንቁላሉ ሊወርድ ሲል ፈቅፍቄ እበትንበትና እከድነዋለሁ። ከበፊቱ ይልቅ ይጣፍጣል፣ እስከ ምሳ ድረስም ይይዘኛል፣ ድምሩ ግን አልጨመረም። በምሳም እንደዛው ነው፦ ጎመን ላይ አይብ ካለ ሥጋው ይቀንሳል፣ ወይም እንጀራው ግማሽ ይሆናል።

እያበሰሉ መቅመስ

ላዛኛ ወይም ፒዛ ስትሠሩ ከቺዙ ስንቱ ወደ አፍ እንደገባ ማንም አይቆጥረውም። የምትበሉትን መጀመሪያ ለዩና ቀሪውን ጠቅልላችሁ ፍሪጅ መልሱ። ከዚያ በኋላ ማብሰል ጀምሩ። በቃ።

«እንዳይበላሽ» ብሎ መጨረስ

አይብ ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይኮመጥጣል። ገበያ ሄዳችሁ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ትልቁን ታነሳላችሁ፣ ርካሽ ነው፣ ያምራል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽታው ሲለወጥ «ከሚጣል» ተብሎ በአንድ ጊዜ ይበላል። እናቶቻችን ምግብ መጣል ነውር ነው ብለው ነው ያሳደጉን፣ ልክም ናቸው። መፍትሔው ጥቂት መግዛት ነው። ወይም ጎረቤት ጠርቶ መካፈል። ኪሎ ሙሉ አይብ ለአንድ ሰው የሚገዛ እኮ ዳይት ላይ ላልሆነም ይበዛበታል።

«ላይት» የሚለውን አምኖ እጥፍ መብላት

ስቡ የተቀነሰ ቺዝ ጥሩ ነው፣ እንደ መጠኑ ከተበላ። ስቡ ተቀነሰ ማለት ካሎሪው ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ጣዕም አልባ ሆኖባችሁ ሁለት እጥፍ የምትበሉት ከሆነ ዋናውን በልኩ ብሉ። እኔ የምመርጠው ጣዕሙ ኃይለኛ የሆነውን ነው። ፓርሜዛን ለምሳሌ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀው 20 ካሎሪ ቢሆን ነው፣ ፓስታውን ግን ሙሉ ለሙሉ ይለውጠዋል።

ዳቦ ላይ የሚቀባው ክሬም ቺዝ ደግሞ ካሎሪው በአብዛኛው ከስብ ነው፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ያጠግበኛል ብላችሁ አትቁጠሩበት።

ጨውን ረስቶ በሚዛን መደንገጥ

ማታ ፒዛ ወይም ፌታ የሚባለውን ጨዋማ ቺዝ በበላችሁ ማግስት ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጡ አንድ ኪሎ ጨምሮ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል። 30 ግራም ፌታ ብቻውን ወደ 300 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይሁን ነው የሚለው። ሁለት ሦስት ቀን ጠብቃችሁ እንደገና ተመዘኑ፣ «አልተሳካልኝም» ብላችሁ ሁሉን ነገር እንዳትተዉት። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ግን ይህን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የቤት አይብ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሌለው በጨው በኩል የተሻለ ነው።

በጾም ሙሉ ለሙሉ ትቶ በፍስክ ማካካስ

የምንጾም ሰዎች በዓቢይ ጾም 55 ቀን አይብም ቺዝም አንነካም። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ እንቀንሳለን ብለን እናስባለን። ግን የጾም ፒዛ ላይ ያለው «የጾም ቺዝ» አብዛኛውን ጊዜ ከዘይትና ከስታርች የሚሠራ ስለሆነ ካሎሪው አለ፣ ፕሮቲኑ ግን የለም ማለት ይቻላል። በጾም ቀን የአይብን ቦታ የሚሞላው ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ ነው፣ እሱም ዘይቱ በማንኪያ እየተለካ።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዶሮው፣ አይቡ፣ ቅቤው አንድ ላይ ይቀርባል፣ ሁለት ወር የራቀን ነገር ነውና እጃችን አይሰበሰብም። ሆድም አይችለውም። ዘንድሮ እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ ከአክስቴ ሳህን ላይ ቅቤ ያልነካው አይብ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለይቼ ከዶሮ ወጡ አጠገብ አስቀመጥኩ። አንድ እንጀራ ወሰድኩ። ወጡ ቅባት ስለነበረው ከላይ የሰፈፈውን ገፍፌ አወጣሁና አይቡን በርበሬው ሲያቃጥለኝ ብቻ እየነካሁ በላሁት። ሦስቱ ማንኪያ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ደረሰልኝ።