በውስን ገንዘብ የመጀመሪያ አፓርታማ እንዴት ይገዛል?

የመጀመሪያ ቤቴን ስፈልግ ከ20 በላይ አፓርታማ አይቻለሁ። አብዛኞቹን ያየሁት በከንቱ ነው። ደላላው «ስንት ድረስ ትሄዳለህ?» ሲለኝ ካለኝ ትንሽ ከፍ አድርጌ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ከነገርኩት ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። ሳሎኑ ያምራል፣ በረንዳው ያምራል፣ እኔም ልቤ ተሰቅሎ እመለሳለሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ስደምር ግን ሂሳቡ አልገናኝ ይላል። ክፋቱ፣ ያንን ካዩ በኋላ በአቅም ልክ ያለውን ቤት መውደድ ይከብዳል።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ቤት ማየቱን ለኋላ አቆዩት። መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

1. የቤቱን ሳይሆን የግዢውን ዋጋ አስሉ

ሻጩ የሚጠራው የቤቱን ዋጋ ነው። ከኪሳችሁ የሚወጣው ከዚያ ይበልጣል። ስም ለማዛወር የሚከፈል ግብር አለ፤ የውል ማጽደቂያ አለ፤ የደላላ ኮሚሽን አለ፤ ባንኩ ቤቱን ለማስገመት የሚያስከፍለው አለ፤ ኢንሹራንስ አለ፤ ዕቃ ማጓጓዣ አለ። መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል። ከባንኩና ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጠይቁና እያንዳንዱን በቁጥር ጻፉት። «እሱ እንኳ ትንሽ ነገር ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የሚከፍለው እሱ አይደለም።

ከዚያ ያጠራቀማችሁትን ሦስት ቦታ ክፈሉ። አንዱ ለቅድመ ክፍያ፣ አንዱ ለእነዚህ ወጪዎች፣ አንዱ ለክፉ ቀን። የክፉ ቀኑ ገንዘብ የብድሩን ክፍያ ጨምሮ ቢያንስ የ3 ወር ወጪያችሁን መቻል አለበት። ያለውን ሁሉ ለቅድመ ክፍያ አራግፎ የሚገባ ሰው የመጀመሪያዋ ቧንቧ ስትፈነዳ ብድር ፍለጋ ይወጣል።

2. ቤቱን ሳትገዙ ክፍያውን ጀምሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄኛውን ያዙ። 6 ወር ሙሉ፣ ቤቱን የገዛችሁ መስላችሁ ኑሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሁን 6,000 ኪራይ ትከፍላላችሁ እንበል። ብድሩ በወር 11,000 ይሆናል፤ ለሕንፃው ጥበቃ፣ ጽዳትና ሊፍት ደግሞ 1,000 ይጠየቃል። ድምሩ 12,000 ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ በየትኛውም ገንዘብ ይሠራሉ።) ልዩነቱን፣ ማለትም 6,000ውን፣ ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ አስገቡና እርሱት። ከ6 ወር በኋላ 36,000 ይኖራችኋል፤ ቅድመ ክፍያው ላይ ይጨመራል።

ዋናው ግን ገንዘቡ አይደለም። በ3ኛው ወር ዘመድ ሲታመም ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከዚያ ሒሳብ መቆንጠር ከጀመራችሁ፣ መልሱን አግኝታችኋል። ባንክ ቤት ይህንን አይነግራችሁም። ባንኩ የሚያየው የደመወዛችሁን ወረቀት ነው፤ በየወሩ ለእናታችሁ የምትልኩት እዚያ ላይ የለም። ስለዚህ ባንኩ የፈቀደላችሁ መጠን የእናንተ አቅም ነው ብላችሁ አትቀበሉ። እኔ ከተፈቀደልኝ ቀንሼ ነው የወሰድኩት። ያኔ ጓደኞቼ ስቀውብኛል።

3. ብድሩን በወርሃዊ ክፍያው ብቻ አትመዝኑት

ሁላችንም የምንጠይቀው «በወር ስንት?» ብለን ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። 1,000,000 በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ ትመልሳላችሁ እንበል። በ20 ዓመት ከሆነ በወር 11,011 ገደማ ትከፍላላችሁ፤ በጠቅላላው ከ2,642,000 በላይ ይወጣችኋል። በ15 ዓመት ከሆነ በወር 12,002 ገደማ ነው፤ ጠቅላላው 2,160,000 አካባቢ ይሆናል። በወር 991 ብቻ ጨምራችሁ መጨረሻ ላይ ከ480,000 በላይ ታተርፋላችሁ።

ለምን? በ20 ዓመቱ ብድር የመጀመሪያ ወር ከከፈላችሁት 11,011 ውስጥ 10,000ው ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚነሳው 1,011 ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕዳው ንቅንቅ የማይለው ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ የሚጨመር ትንሽ ገንዘብ ብዙ ወለድ የሚያስቀረውም ለዚሁ ነው።

እኔ ብሆን የ20 ዓመቱን ውል ፈርሜ እንደ 15 ዓመቱ እከፍላለሁ። ወለዱ ያው ከሆነ በ15 ዓመት ያልቃል። ክፉ ወር ሲመጣ ደግሞ ወደ 11,011ዱ መመለስ ይቻላል። ግን ይህ የሚሠራው ባንኩ ቀድሞ መክፈልን ያለ ቅጣት ከፈቀደ ነው። ሳትፈርሙ ጠይቁ፣ መልሱንም ውሉ ላይ አሳዩኝ በሉ።

ሌላው ጥያቄ ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ይለዋወጣል የሚለው ነው። ያው ብድር ከመጀመሪያው 14 በመቶ ቢሆን የ20 ዓመቱ ወርሃዊ ክፍያ 12,435 ይደርሳል። የሚለዋወጥ ከሆነ የ6 ወሩን ልምምድ በከፍተኛው ቁጥር አድርጉት። ደግሞም ደመወዝ በምታገኙበት ገንዘብ ተበደሩ። በውጭ ምንዛሪ ወለዱ ቢቀንስም፣ ምንዛሪው ሲዘል ዕዳው አብሮ ይዘላል።

4. ምን እንደምትተዉ አስቀድማችሁ ወስኑ

በውስን ገንዘብ ሁሉም አይገኝም። የሆነ ነገር ይቀራል። ጥያቄው የቱ ይቅር ነው።

ኋላ ሊለወጥ የሚችለውን ተዉ። ያረጀ የወጥ ቤት ቁምሳጥን፣ የማያምር ሴራሚክ፣ የተላጠ ቀለም፣ እነዚህን ቀስ እያላችሁ ታድሷቸዋላችሁ። እንዲያውም ሌላውን ገዢ የሚያሸሹት እነሱ ስለሆኑ ዋጋ ያስቀንሱላችኋል። ሰፈሩን፣ ፀሐይ የሚገባበትን አቅጣጫ፣ የሕንፃውን ጥንካሬና የቤቱን ሰነድ ግን አትለውጧቸውም። እዚያ ላይ አትደራደሩ።

ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ይረክሳል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን መንገዱን በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ሂዱበት። መሄጃው 45 ደቂቃ፣ መመለሻው 45 ደቂቃ ከጨመረባችሁ በ22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ነው። በወር አራት የሥራ ቀን ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የትራንስፖርቱንም ወጪ ወርሃዊ ክፍያው ላይ ደምሩት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሂዱ፣ ምንም ችግር የለውም። እኔ በበኩሌ መሀል ላይ ያለች ጠባብ ቤት እመርጣለሁ። ልጆች ያሉት ሰው ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ተሠርቶ ያላለቀ ቤት መግዛትም አለ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ችግሩ እስኪያልቅ ድረስ ኪራይም ክፍያም አብረው መሄዳቸው ነው። «በ18 ወር እናስረክባለን» ሲባል እናንተ 30 ወር ብላችሁ አስሉ። በ30 ወሩም ሒሳብ መቆም ከቻላችሁ ግቡበት። ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር እየታየ የሚለቀቅ ይሁን፤ ለዘገየ ርክክብ ቅጣቱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

5. ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩ፣ ሁለተኛውን ማታ

አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ቤት ወድጄ ነበር። ያየኋት እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ፣ ጸጥታዋ፣ ሁሉ ነገር ልክ። ቀብድ ልሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሳልናገር ሄድኩ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩት። መጀመሪያ ተነፈሰ። ከዚያ ሁለት ጠብታ ጣለ። ከዚያ ዝም። ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዘው የሚወጡ አንድ እናት አገኘሁና «ዛሬ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ልጄ፣ ፓምፑ ከተበላሸ እኮ ዓመት ሆነው» አሉኝ። ለጥገናው ነዋሪው ማዋጣት አልተስማማም ነበር። ሻጩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ለማየት ስሄድ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና የስልክ ቻርጀር እይዛለሁ። ቻርጀሩ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ መሞከሪያ ነው። ባትሪው ለመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስና ከእቃ ማጠቢያው ሥር ላለው ጨለማ። ግድግዳው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ እዚያ ጋ እርጥበት ተደብቆ ይሆናል፤ በእጃችሁ ዳስሱት፣ አሽትቱት። የወለሉን ሴራሚክ በጣታችሁ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጉ፤ ባዶ ድምፅ ካለው ከሥሩ ለቋል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አታስደንግጣችሁ። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መሐንዲስ ሳታሳዩ አትቀጥሉ። ለእሱ የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም ነው።

ሜትሩ ደግሞ ብዙ ይናገራል። 65 ካሬ ተብዬ የለካሁት ቤት ውስጡ 52 ወጣ። ሻጩ አልዋሸም፤ ግድግዳውን፣ በረንዳውንና ከደረጃው የሚደርሰውን ድርሻ ቆጥሮ ነው። ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ዋጋውን ለውስጥ ስፋቱ አካፍሉት። የመኝታ ቤቱን ወርድም ለኩ። ወርዱ 2.60 ሜትር ነው እንበል። 1.60 ሜትር ወርድ ያለው አልጋ ሲገባ 1 ሜትር ይቀራል። 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ከጎኑ ስታቆሙ መተላለፊያው 40 ሳንቲሜትር ነው። በጎን ካልሆነ አይታለፍም፤ የቁምሳጥኑ በርም አልጋው ላይ ይጋጫል።

ስትወጡ ጥበቃውንና ጎረቤቱን አናግሩ። ከደላላው ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሊፍቱ ስንቴ ይቆማል፣ የጋራ መዋጮውን የማይከፍለው ስንት ነው፣ ማታ ማን ይጮኻል።

6. ወረቀቱ ሳይጠራ ገንዘብ አይውጣ

እዚህ ጋ ይሉኝታ የለም። የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስምና የሚሸጥላችሁ ሰው መታወቂያ አንድ ይሁን። ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩ፣ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ ይስማሙ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ከሚመዘግበው አካል በጽሑፍ ጠይቁ። ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይደለም። ያልተከፈለ የውሃ፣ የመብራትና የሕንፃ መዋጮ ካለም ሻጩ ከፍሎ ደረሰኝ ያምጣ።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ «ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገርም ይግባበት። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ካልከፈልክ» ከተባላችሁ ሌላው ገዢ ይውሰደው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

7. ዋጋ ስትከራከሩ

አጭር ነው። ቤቱን እንደወደዳችሁት ደላላው ፊት አታሳዩ። «ቀንሱልኝ» ከማለት የሚጠገነውን በዝርዝርና በዋጋ አቅርቡ፤ ባለሙያ የገመተው ቁጥር ላይ ለመከራከር ሻጩም ይቸገራል። የመጨረሻ ዋጋችሁን ከቤት ስትወጡ ወረቀት ላይ ጻፉና ኪስ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ካለፈ ተነሱ። እኔ አንድ ጊዜ ተነስቼ፣ ከ9 ቀን በኋላ ሻጩ ራሱ ደውሎልኛል። ያልደወሉልኝም አሉ።

8. ቁልፍ የተረከባችሁ ቀን

መጀመሪያ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ቀይሩ፤ ስንት ሰው ቅጂው እንዳለው አታውቁም። ክፍት የሆነ ሽቦና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ወዲያው ይሠራ። እድሳቱን ግን ጥቂት ወራት አቆዩት። እኔ ሳሎኑን በገባሁ በሳምንቱ ላስቀባ ነበር። ገንዘብ አጥሮኝ ተውኩት። በክረምቱ በመስኮቱ በኩል ውሃ ገባ፤ ያ ግድግዳ ከነልስኑ ፈረሰ።