የደፈረሰው የዓሣ ገንዳ እንዴት ጠራ

ደብረ ማርቆስ፣ 40 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ። ምልክቱ፦ ውኃው እንደ ክረምት ጎርፍ ደፍርሶ ይሰነብታል፤ የተተከለው ቫሊስኔሪያ (ረጅም ቅጠል ያለው የውኃ ተክል) እየተነቀለ ይንሳፈፋል፤ የቀረውም ከሥሩ ይበሰብሳል።

በመጀመሪያ ውኃውን በየቀኑ ቀየርሁ፤ በቀየርሁ ቁጥር የታችኛው አፈር እየተነሣ ባሰበት። ቀጥሎ በስፖንጅ ማጣሪያው ላይ ጥጥ ጨመርሁ፤ ወዲያው በጭቃ ተደፈነ። ሥሩን በድንጋይ መጫንም ተክሉን ከመጨፍለቅ አላለፈም።

መፍትሔው ገንዳውን ባዶ አድርጎ ከታች መጀመር ሆነ። ፍግ ያልነካው የጓሮ አፈር በወንፊት ነፍቼ፣ በሳፋ ዘፍዝፌ፣ የተንሳፈፈውን ገለባ ደፋሁ። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳላስበልጥ አነጠፍሁት። በላዩ 4 ሴንቲ ሜትር የወንዝ አሸዋ፣ እጣቢው ጠርቶ እስኪወርድ የታጠበ። (ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት የሚፈላ አሸዋ ኖራ አለበት፤ ይቅር።)

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ተክሉን ገንዳው ሳይሞላ፣ አሸዋው እርጥብ እንደ ሆነ፣ በወረንጦ መትከል። የቫሊስኔሪያ ሥር ይቀበር፤ ቅጠሉ የሚወጣበት አንገት ግን ከአሸዋው በላይ ይቅር፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሴራቶፊለም የተባለው የውኃ ተክል ሥር ስለሌለው መትከሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ይንሳፈፍ። ከዚያ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጬ ውኃውን በሳህኑ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስሁ። አሸዋው ንቅንቅ አላለም።

ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ዓሣ ያስገባሁትም የውኃ መመርመሪያው ለዓሣ መርዝ የሆኑት የአሞኒያና የናይትራይት መጠን ዜሮ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው።