ስዊች ሲቀየር አሮጌዎቹን መሣሪያዎች ከኔትወርኩ ጋር እንዴት ማቆየት ይቻላል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ መጋዘን አዲስ ስዊች (የኔትወርኩ ኬብሎች የሚገናኙበትን ሳጥን) ገጠምን። ከአንዷ በቀር የፖርቶቹ (የኬብል መሰኪያዎቹ) መብራቶች ሁሉ በሩ፤ ያቺንም ማንም የማይጠቀምበት ኬብል ናት ብለን ትተናት ሄድን። ሰኞ ጠዋት የዕቃ መውጫ ሰነድ የሚያትመው ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ዝም አለ፤ የጭነት መኪኖቹም በሩ ላይ ተሰለፉ። ፕሪንተሩን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን በሰከንድ ከ10 ሜጋቢት ሌላ ፍጥነት አያውቅም፤ የአዲሱ ስዊች ፖርት ደግሞ ከ100 በታች አይወርድም። የጠፋችው መብራት የእሱ ነበረች።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው አሮጌውን ስዊች ከመንቀል በፊት እሱኑ በመጠየቅ ነው። የሲስኮ ከሆነ «ሾው ኢንተርፌስስ ስቴተስ» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ፖርት በምን ፍጥነትና በምን ዱፕሌክስ (በተራ በተራ ማለትም ሃፍ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ማለትም ፉል) እንደሚሠራ ይዘረዝራል። 10 ወይም ሃፍ የሚል ያለበትን ሁሉ ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ የማክ አድራሻ ሠንጠረዡን (የትኛው መሣሪያ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያሳየውን) ይዛችሁ ኬብሉን እስከ ጫፉ ተከተሉት። የአንድ ቀን ዝርዝር አይበቃም፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚበራ መሣሪያም አለ።

ቀጥሎ የአዲሱን ስዊች መግለጫ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጸደቀው ደረጃ መሠረት 2.5 እና 5 ጊጋቢት የሚሠሩ ብዙ ፖርቶች 10 ሜጋቢትንም ሆነ ሃፍ ዱፕሌክስን ትተዋል። እንዲህ ከሆነ በመካከል ርካሽ ባለ 10/100 ትንሽ ስዊች አስገቡ፤ ላዩ ላይም «አይነቀል» ብላችሁ ለጥፉበት።

እንደ አይፒኤክስና አፕልቶክ ያሉ የጥንት ፕሮቶኮሎች (መሣሪያዎች የሚነጋገሩባቸው ደንቦች) ብዙ ሰው ያስፈራሉ፤ እኔ ግን ከፍጥነቱ ያነሰ ችግር ናቸው እላለሁ። ተራ ስዊች የሚያየው ማክ አድራሻን ብቻ ስለሆነ ውስጡ ያለው ምንም ይሁን ያሳልፈዋል። ጣጣው አሮጌው ስዊች እነዚህን ፕሮቶኮሎች ከአንድ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ለብቻው ከተከፈለ ኔትወርክ) ወደ ሌላ ሲያዞር ከነበረ ነው፤ ዘመናዊዎቹ በአብዛኛው ይህን አይሠሩም። ያኔ የሚነጋገሩትን መሣሪያዎች በአንድ ቪላን ውስጥ ሰብስቧቸው።

ከሁሉ የሚያደክመው የዱፕሌክስ አለመጣጣም ነው። ሃፍ ማለት እንደ መገናኛ ሬዲዮ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ነው፤ ፉል ደግሞ እንደ ስልክ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። አሮጌው መሣሪያ በእጅ 100 ፉል ተደርጎ ከተቆለፈና የአዲሱ ፖርት በአውቶ ላይ (ራሱ ተነጋግሮ እንዲመርጥ) ከተተወ፣ ፖርቱ ፍጥነቱን ያውቃል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ ይሆናል። መብራቱ ይበራል፣ ፒንግም (አለህ ወይ የሚል አጭር መልእክት) ይመልሳል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን እንደ ኤሊ ይጎተታል። በስዊቹ በኩል የ«ሌት ኮሊዥን» (ዘግይቶ የሚፈጠር የመልእክት ግጭት) ቆጣሪ እየጨመረ ከሄደ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ይህንን አጣሩ። መፍትሔው ሁለቱንም ወገን አውቶ ማድረግ ወይም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መቆለፍ ነው።

መሣሪያው በርቶ አድራሻ ካላገኘ ስፓኒንግ ትሪን (መልእክት በኔትወርኩ ውስጥ ክብ ሠርቶ እንዳይዞር የሚከላከለውን የስዊች አሠራር) ጠርጥሩ። አዲስ የተሰካ ፖርት ወደ 30 ሰከንድ ያህል ሊያስጠብቅ ይችላል፤ አሮጌ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ በፊት ተስፋ ይቆርጣል። ፖርትፋስትን (ይህን መጠበቅ የሚያስቀረውን ቅንብር) አብሩ፣ ግን መጨረሻው አንድ መሣሪያ በሆነ ፖርት ላይ ብቻ።

የድሮ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ቴልኔት ወይም ኤስኤንኤምፒ አንድ (ስዊቹን ከሩቅ የሚያዙበትና የሚከታተሉበት የድሮ መንገድ) ካልተከፈተልኝ ካለ ለዚያ ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ ክፈቱለት፤ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ ለመላው ኔትወርክ አይከፈትም።

አሮጌውን ስዊች ከነቅንብሩ፣ የኬብሎቹንም ፎቶግራፍ አብራችሁ፣ የወሩ መጨረሻ ሂሳብ እስኪዘጋ ድረስ ከመደርደሪያው አታውርዱት።