የትንሿ ከተማ መምህሮቻችንን ትዝታ እንዴት እንሰብስብ?

አብሮ አደጎች ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ መምህራን ዘንድ ይደርሳል። አንዱ አካሄዳቸውን ያስመስላል፣ ሌላው ቁጣቸውን፣ ሳቁ ይደምቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ያ ሁሉ ጨዋታ በጽሑፍ ይቀመጥ ሲባል ግን የሚመጣው «ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ እንደ ልጆቻቸው ያዩን ነበር» የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ከተማ መምህር ስም ሥር ብታስቀምጡት ይገጥማል።

እኔ በ1970ዎቹ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አብረውኝ ከተማሩት ጋር የመምህሮቻችንን ትዝታ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። ያኔ የክፍል አለቃ ስለነበርኩ የሚረብሹትን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ይቅር አላሉኝም። ቢሆንም ያወሩኛል። በዚህ ሥራ የያዝኩት መመሪያ አንድ ነው፦ መምህሩ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ አትጠይቁ፤ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቁ።

ሥራውን በሰንጠረዥ ጀምሩ። በአንድ በኩል ክፍሎቹን ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ በሌላ በኩል ትምህርቶቹን አስቀምጡ፦ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ እርሻ፣ እጅ ሥራ፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት። ባዶው ሳጥን ከማንኛውም ጥያቄ የበለጠ ሰውን ያናግራል። «አራተኛ ክፍል እርሻ ማን ነበር ያስተማረን?» የምትል ጥያቄ የአትክልት መደቡን፣ ውኃ የሚቀዳበትን ጣሳ፣ ጎመኑን በሌሊት የበላውን የጎረቤት በሬ ይዛ ትመጣለች። ዘበኛውንና ደወል ደዋዩንም በሰንጠረዡ ግርጌ አስገቡ፤ ብዙ የሚያውቁ እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ። ሰው «ያን ጊዜ» ይላል እንጂ ዓመት አይናገርም፤ ስለዚህ አገር ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ጋር አያይዛችሁ ጠይቁ። የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ 1969 ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ነው። ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው በ1972 ክረምት ነው፤ «መስከረም ላይ ስንመለስ ስንተኛ ክፍል ገባን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ሦስት መምህራን ወዲያው ቦታቸውን ያገኛሉ። ከእኛ የሚቀድሙት ደግሞ በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙበትን ጊዜ አይረሱትም። ውጭ አገር የሚኖሩ ጓደኞች ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚነግሯችሁ ተጠንቀቁ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ አንዱ «1980» ሲላችሁ ወሩን ካልጠየቃችሁ 1972 ይሁን 1973 አታውቁም፤ መምህሩም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩባችኋል።

የመምህራን ስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሁላችንም «ጋሼ እገሌ»፣ «እትዬ እገሊት» ብለን ስለጠራናቸው የአባታቸውን ስም የሚያውቅ አይገኝም። ያለ አባት ስም ደግሞ ማንንም ማፈላለግ አይቻልም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ የእናት ሣጥን ውስጥ ነው። የድሮ የውጤት ካርድ አስፈልጉ፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሙሉ ስምና ፊርማ እዚያ ላይ ይገኛል። ካርዱን ስትቀበሉ ደረጃችሁን አንብባችሁ አትሳቁ፣ ወይም ሳቁና ቀጥሉ። ትምህርት ቤቱ የድሮ ሮስተር ያስቀመጠ እንደሆነም ጠይቁ። ሄዳችሁ «ማኅደር አውጡልን» ከማለት ይልቅ ምን እንደምትሠሩ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ አስቀድማችሁ ብትሰጡ በሩ ቶሎ ይከፈታል። የመምህራንን የግል ማኅደር ግን አትጠይቁ፤ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጥያቄው እንምጣ። ጥያቄውን በቡድን መልእክት ላይ በመጀመሪያ አትበትኑ። አንድ ሰው ቀድሞ ታሪክ ካወራ የሌሎቹም ትዝታ በእሱ ይቃኛል፤ ያላየውም «አዎ፣ አስታውሳለሁ» ይላል። እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ፤ መልሱን በቴሌግራም ድምፅ ቢልክላችሁ ይመረጣል። ሰው ሲጽፍ ቆጠብ ይላል፣ ሲያወራ ግን መምህሩን እስከ ሳላቸው ድረስ ያመጣቸዋል። ሁሉም ከመለሰ በኋላ በቡድን አገናኙት፤ ክርክሩ ያኔ ይጣፍጣል።

የሚሠሩ ጥያቄዎች ትንንሾቹ ናቸው። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚነኩት ምን ነበር? ስም ሲጠሩ ቀና ይሉ ነበር ወይስ መዝገቡን ብቻ ያዩ ነበር? የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፉ በዴስኮች መካከል ይመላለሱ ነበር? ጠመኔ ሲያልቅ ማን ተልኮ ያመጣ ነበር? የሬዲዮ ትምህርት ሲጀመር ሬዲዮውን የሚከፍተው ማን ነበር፣ ባትሪው ሲደክም ምን ያደርጉ ነበር? ስድስተኛ ክፍል ለብሔራዊ ፈተና ስንዘጋጅ ከሰዓት በኋላ ያስጠኑን እነማን ነበሩ? ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ያዳነን የማን ትምህርት ነበር?

ከትምህርት ቤት ውጭም ጠይቁ፤ የትንሽ ከተማ ጸጋው እዚያ ነው። ብዙዎቹ መምህራን ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደቡ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። የተከራዩት ከማን ቤት ነበር? የእርማት ደብተር ተሸክሞ ቤታቸው ድረስ የሚያደርሰው ተማሪ ማን ነበር፣ በዚያች ክፍል ውስጥስ ምን አየ? አልጋ፣ ላምባ፣ በካርቶን የተደረደሩ መጻሕፍት፣ ግድግዳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ? ገበያ ላይ ሲያዩን እንሸሽ ነበር ወይስ ሰላም እንል ነበር? እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ እነሱንም ጠይቁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠሯቸው ብዙ ጊዜ የእኛው መምህራን ናቸው፤ አንዲት እናት የልጇ መምህር እንዴት እጇን ይዘው ስሟን እንዳስጻፏት ስትናገር፣ እኛ የማናውቃቸው ትዕግሥተኛ ሰው ብቅ ይላሉ። ክፍል ውስጥ ያንን ትዕግሥት ለእኛ ቢቆጥቡልን ኖሮ ባልከፋ።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሁለት ዓይነት ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን ምን እንዳለ ጨምሩበት። አስማምታችሁ አንድ ልሙጥ ታሪክ አታድርጉት። የፊት ዴስክ ላይ የተቀመጠና የኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠ አንድ መምህር አልተማሩም።

ቅጣትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ይጻፍ። ልምጩም፣ በማስመሪያ ጫፍ የእጅ ጣት መመታቱም፣ ጠጠር ላይ መንበርከኩም። በቡድን ሲወራ ሁሉም ስለሚስቅ የቀልድ መልክ ይይዛል፤ ከሳቁ መሐል ግን ዝም ያለ ሰው አለ፤ እሱን ለብቻው ደውሉለት። የተመታው ሰው ታሪኩ እንዲገባ ከፈለገ ይግባ፣ የመምህሩ ስም ይቅር ካለም ይቅር። የሚወስነው እሱ ነው፤ ከዳር ሆኖ ያየው ጓደኛው አይደለም። የቅጽል ስም ጉዳይም አለ። ለእኛ ለራሳችን በምናስቀምጠው ጽሑፍ ውስጥ ይኑር፤ ለመምህሩ ወይም ለልጆቻቸው በምንሰጠው ቅጂ ውስጥ ግን፣ እሳቸው ራሳቸው የሚያውቁትና የሚስቁበት ካልሆነ፣ አይግባ።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም ሊገጥማችሁ ይችላል። በቀይ ሽብር ጊዜ ከክፍል ተጠርተው ወጥተው ያልተመለሱ መምህራን በብዙ ከተሞች አሉ። ልጆች ሆነን የሰማነው ሹክሹክታ ነው፤ ሹክሹክታን እንደ እውነት አትጻፉ። «አንድ ቀን ሌላ መምህር ገቡ፤ ማንም ምንም አልነገረንም» የምትል ዓረፍተ ነገር የአንድ ልጅ እውነተኛ ምስክርነት ስለሆነች ትበቃለች። ከዚያ ያለፈው የቤተሰባቸው ነው፤ ከተገኙ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

መምህራኑን ማፈላለግ የሚያስፈራውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ያኔ ሽማግሌ የመሰሉን መምህር ብዙ ጊዜ ሽማግሌ አልነበሩም፤ በ1972 የ22 ዓመት ወጣት የነበሩ ሰው በ2018 የ68 ዓመት ጡረተኛ ናቸው። አብረው ያስተማሩ ባልደረቦች እርስ በርስ ይተዋወቃሉና አንድ ካገኛችሁ ሦስት ታገኛላችሁ። ከማሠልጠኛ አብረው የወጡትም አይጠፋፉም፤ የደብረ ብርሃን፣ የሐረር ወይም የጅማ መምህራን ማሠልጠኛ ምሩቅ መሆናቸውን ካወቃችሁ በዚያ በኩል ጠይቁ።

ስትሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ሃያ ሰው፣ ካባና ቪዲዮ ቀራጭ ይዛችሁ ከመጣችሁ መምህሩ ምስጋና ሲቀበሉ ይውላሉ እንጂ አያወሩም። የመዋጮ ጉዳይ ካለ ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ሰው ተዉት፤ ገንዘብ ከገባበት ወሬው ሁሉ ወደ ምርቃት ይዞራል። ስማችሁን ከነአባታችሁ፣ የተቀመጣችሁበትን ረድፍና ዓመቱን ተናገሩ፤ «አስታወሱኝ?» ብላችሁ ግን አታስጨንቁ። ከእኛ በኋላ ስንት ክፍል አስተምረዋል። ይልቁን ሰንጠረዡን አሳዩና ባዶዎቹን ሳጥኖች እንዲሞሉ ጠይቁ። ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ራሳቸው የመጀመሪያ ዓመት ጠይቋቸው፦ ከተማዋ ሲደርሱ ከመኪና የወረዱት የት ነበር፣ የመጀመሪያው ሌሊት የት አደሩ፣ የመጀመሪያውን ክፍል እንዴት ዘለቁት? እኔ በግሌ ከሰማሁት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ እኛ ስንፈራቸው እነሱም እኛን ይፈሩን እንደነበር የተረዳሁት ከዚያ ነው።

የተሰበሰበው ሲያልቅ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በወረቀት፣ በመምህሩ ቤተሰብ እጅ፣ በእናንተም ዘንድ። የድምፅ ቅጂዎቹን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር አሳልፏቸው፤ ስልክ ይጠፋል። ፎቶግራፎችን በሁለቱም ገጽ አንሷቸው፤ ከጀርባ የተጻፈው ቀን ከፊት ካለው ምስል እኩል ይጠቅማል። በኦሪጅናሉ ጀርባ ላይ ስም መጨመር ካስፈለገም በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።