ልጁ መርፌ ጋ ሳይደርስ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ሱስ የያዘው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ «ጓደኛ አበላሸው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው የዕፅ መርፌ ባብዛኛው የሚመጣው ከሚታወቅ ሰው ነው፤ ከጓደኛ፣ ከፍቅረኛ፣ አንዳንዴም ከዘመድ። ግን መንገዱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ከቆየ ቁስል ነው።

ካናዳን እዩ። መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ወደ 150,000 የሚሆኑ የነባር ሕዝቦች ልጆችን ከእናታቸው ጉያ ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ከተቱ፤ ቋንቋቸውን ከለከሉ፣ ብዙዎቹም ተደበደቡ፣ ተደፈሩ። ቁስሉ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ዛሬ እነ ቫንኩቨር ውስጥ ወጣቶቻቸው ላይ የሚታየው የመርፌ ጣጣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ከዘራቸው አይደለም።

እና ምን ላድርግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ስለ ዕፁ ሳይሆን ስለ ልጁ ጠይቁ። የት ነው የሚያድረው? የጎዳው፣ የደፈረው ሰው አለ? ይህን በሰው ፊት እንዳታነሱት። በረካው ተጠጥቶ ጎረቤት ሲበተን፣ ለብቻው «አብሽር፣ እኔ አለሁ» በሉትና ዝም በሉ፤ ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቻሉት። ከቤት ማባረር? በፍጹም! ጎዳና ላይ መርፌው ይቀርበዋል።

ጀምሮም ከሆነ መርፌ እንዳይጋራ ንገሩት፤ ኤችአይቪም የጉበት ቫይረስ ሲም በዚያ ይተላለፋል። ከዚያ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ። ከልክ በላይ ወስዶ ትንፋሹ ከዘገየ ግን ወሬ ሳታበዙ ወዲያው ሆስፒታል።