የሻወሩ ውሃ የተስተካከለው ታንከሩ ቦታ ሲቀይር ነው

የሻወራችን ውሃ ጠብ ጠብ ነበር የሚለው። ታንከሩ ሙሉ ነው፤ ቧንቧውም አልተደፈነም። ለካ ጉዳዩ ከፍታ ነው። የታንከሩ ማቆሚያ ከሻወሩ ራስ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ፓምፕ ከሌለ ውሃውን የሚገፋው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ 1 ሜትር ደግሞ 0.1 ባር ብቻ። የታንከሩ ትልቅነት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ሰው ግን ሲገዛ የሚጠይቀው ሊትሩን ነው!

ስለዚህ ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ወዳለው የኮንክሪት ጣሪያ አወጣነው። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል፤ እንዲሁ የትም የሚጫን ነገር አይደለም። መጀመሪያ መሐንዲስ አየው፤ ከዚያ ምሰሶው ያለበት አካባቢ ላይ አስቀመጥነው። ታንከሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ታቹ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። በብረቶች መሃል ክፍት ከተተወ ቀስ በቀስ ይጎብጥና ይሰነጠቃል።

መውረጃ ቧንቧውን ወፈር አደረግነው፤ መታጠፊያውንም ቀነስን። አሁን ሻወሩ ሻወር ሆኗል።

ታንከር ከመስቀላችሁ በፊት ግን የመስመሩ ውሃ እዚያ ድረስ በራሱ መውጣቱን እዩ። የእኛ ቀን እንቢ ይላል፤ ሌሊት ተጠቃሚው ሲቀንስ ግን ይሞላል። ጭራሽ የማይወጣ ከሆነ ታች ሌላ ታንከርና ፓምፕ ያስፈልጋል።